ደጅ ወይስ ቤት? በጅግጅጋ ሰማይ ሥር የሰው ፎቶግራፍ የማንሣት ፊዚክስ

«እኔ ፎቶ አያምርብኝም» የሚል ሰው ያላጋጠመው ከመካከላችሁ ይኖራል ብለን አንገምትም። ጠይም ወይም ጥቁር መልክ ያለው ሰው በሠርግ ቀን የተነሣውን ፎቶግራፍ ሲመለከት ዓይኑ በጥላ ተውጦ፣ የጥርሱና የሸሚዙ ንጣት ብቻ ጎልቶ ያገኘዋል፤ ጥፋቱንም በገዛ ፊቱ ላይ ያላክካል። አንሺውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ይስማማል። ሠርግ ደግሞ እንደገና አይደገስም፤ የተበላሸው ምስል ለልጅ ልጅ የሚቀረው ምስል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥፋቱ የፊቱ ሳይሆን የብርሃን አመራረጥ መሆኑን በፊዚክስ ሕግጋት ማስረዳት ነው።

ሞዴሎችን፣ ሙሽሮችንም ሆነ ለመታወቂያ የሚቀርቡ ሰዎችን የሚያነሣ ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ደጅ ላንሣ ወይስ ቤት ውስጥ?» የሚል ነው። በገበያ ላይ የሚገኙት የፎቶግራፍ መማሪያ መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ በአብዛኛው ከሰሜን አውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሰማይ የተቀዳ ነው። እኛ ግን ጥያቄውን በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ፣ እንዲሁም ቆላማ በሆኑት በሽንሌና በአይሻ ሰማይ ሥር አድርገን እንመረምረዋለን። መልሱም የተለየ ሆኖ እናገኘዋለን።

ካሜራ ራሱ ቤት ነው

«ካሜራ» የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ክፍል ማለት ነው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው መሣሪያ አመጣጡ በአንድ ወገን ትንሽ ቀዳዳ ካለው ጨለማ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በባስራ የተወለደው ሊቅ ኢብን አል ሃይሠም ስለ ብርሃን በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ይህን ጨለማ ክፍል ለምርምር ተጠቅሞበታል። ከቀዳዳው ውጭ በተለያየ ቦታ መብራቶችን አኑሮ እያንዳንዱ መብራት በክፍሉ ውስጥ የየራሱን የብርሃን ነጥብ እንደሚያሳርፍ አሳየ፤ አንዱ መብራት ሲጋረድ የእርሱ ነጥብ ብቻ ይጠፋል። ከዚህም ብርሃን በቀጥታ መሥመር እንደሚጓዝ፣ ከልዩ ልዩ ምንጭ የሚመጡ ጨረሮችም ሳይደባለቁ እንደሚተላለፉ ተረዳ። እንግዲህ ፎቶግራፍ ከጥንቱም የቤትና የደጅ ግንኙነት ነው፤ የደጁ ብርሃን በልክ ወደ ቤት ሲገባ ምስል ይወለዳል።

ከሐረር የመጣ ምሳሌ

ከጅግጅጋ በስተ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በሐረር፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከፈረንሳይ ባስመጣው ካሜራ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። ራምቦ በዚያን ጊዜ ግጥም መጻፉን ትቶ የአንድ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ስለ ኦጋዴን ያቀረበው ዘገባም በማግሥቱ ዓመት በፈረንሳይ የጂኦግራፊ ማኅበር ታትሟል። በግንቦት ወር ለቤተሰቡ የላካቸው ሦስት የራሱ ምስሎች ሁሉም ከቤት ውጭ የተነሡ ናቸው፤ አንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዱ በቡና ተክል መካከል፣ ሌላው በሙዝ ተክል መካከል።

ሦስቱም ደጅ መነሣታቸው አያስደንቅም። የዚያን ዘመን የመስታወት ሰሌዳ ለብርሃን የነበረው ንቃት ከዛሬው ሴንሰር ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ስለ ነበረ፣ የቤት ውስጥ ብርሃን በቂ አልነበረም። ዛሬ ግን ስልኮቻችን ሳይቀሩ በኩራዝ ብርሃን ምስል ይይዛሉ። ስለዚህ ደጅ መውጣት ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆኗል፤ ምርጫ ደግሞ ዕውቀትን ይጠይቃል።

የጅግጅጋ ፀሐይ

ጅግጅጋ በሰሜን ኬክሮስ 9.35 ዲግሪ ገደማ፣ ከባሕር ጠለልም በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚህ ቁጥር ብዙ ነገር ማስላት ይቻላል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 23 ቀን ገደማ፣ በእኩለ ቀን በትክክል በከተማዋ አናት ላይ ታልፋለች። በእነዚህ ቀናት ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም። ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ወር አጋማሽ እንኳ የእኩለ ቀን ከፍታዋ 57 ዲግሪ ነው። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ በሰሜን በኩል 76 ዲግሪ ላይ ትሆናለች።

ይህ ለፎቶ ተነሺው ምን ማለት ነው? የቅንድብ አጥንት ከዓይን ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሏል እንበል። ተነሺው ፊቱን ወደ ፀሐይ ቢያዞር ቅንድቡ ወደ ታች የሚጥለው ጥላ ርዝመት ከፀሐይዋ ከፍታ ታንጀንት ጋር እኩል ይሆናል። ፀሐይ በ30 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጥላው 0.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዓይን ይታያል። በ57 ዲግሪ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ በ76 ዲግሪ ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ዓይንን ከነጉንጩ ይሸፍናል ማለት ነው። በሠርግ ፎቶ ላይ የጠፋው ዓይን የት እንደ ሄደ ከዚህ እንረዳለን።

ፀሐይ ከ30 ዲግሪ በታች የምትሆነው፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ሲሰላ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በምሥራቅ ኬንትሮስ 45 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ በ42.8 ዲግሪ ላይ ያለችው ጅግጅጋ እውነተኛ እኩለ ቀኗ በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንሺ ከልማዱ ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መነሣት አለበት።

የውጭ መጻሕፍት «ወርቃማው ሰዓት» እያሉ የሚያወድሱት የማለዳና የምሽት ብርሃንም በእኛ ዘንድ አጭር ነው። ፀሐይ በምድር ወገብ አቅራቢያ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ፣ ከአድማስ እስከ 6 ዲግሪ ለመድረስ በጅግጅጋ 24 ደቂቃ ብቻ ይበቃታል፤ በስቶክሆልም በዚያው ወቅት 47 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። በዚህ ላይ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የካራማራ ተራሮች አሉ። ተራራው ከቆምንበት ቦታ 2 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢታየን ፀሐይ ከአድማሱ ጥልቀቷ 8 ደቂቃ ቀድማ ትሰወርብናለች። በምሥራቅ በኩል ግን ሜዳው ሰፊና ገላጣ ነው። ስለዚህ በጅግጅጋ ለደጅ ፎቶግራፍ ከምሽቱ ይልቅ ማለዳው ይመረጣል።

ሻካራና ለስላሳ ብርሃን

ባለሙያዎች ስለ ብርሃን ሻካራነትና ልስላሴ ሲናገሩ ምሥጢሩ በምንጩ ስፋት ላይ ነው፤ ስፋቱም የሚለካው ከተነሺው ፊት ሆኖ ሲታይ ነው። ፀሐይ ግዙፍ ብትሆንም ርቀቷ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በመሆኑ ከእኛ ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። አፍንጫ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ ጉንጭ ላይ ጥላ ቢጥል፣ ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሸጋገረው ጠርዝ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

አሁን ተነሺውን 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው በር 1 ሜትር ወደ ውስጥ እናቁመው፤ ፊቱም ወደ ደጅ ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ አትነካውም፤ ብርሃን የሚሰጠው የበሩ ክፍተት በሙሉ ነው። በዚሁ ስሌት የጥላው ጠርዝ 2.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥላው ከአፍንጫው ሥር ቀስ በቀስ እየሳሳ ይጠፋል እንጂ አይቆረጥም። የፊት ቅርጽ፣ የጉንጭ ክብነት፣ የከንፈር ጠርዝ ሁሉ የሚነበበው በዚህ ዓይነቱ ዝግተኛ ሽግግር ነው።

ቆዳ፣ ጨርቅና የካሜራው ስሌት

ጥቁር የሰው ቆዳ ከሚያርፍበት ብርሃን 10 ከመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰውን ይመልሳል፤ አዲስ ነጭ ጨርቅ 80 ከመቶ ያህሉን ይመልሳል። ነጭ ዲራዕ የለበሰች ሙሽራ እኩል ብርሃን ሲያርፍባት በልብሷና በፊቷ መካከል ያለው ልዩነት 8 እጥፍ ነው፤ ይህን ማንኛውም ካሜራ በቀላሉ ይይዘዋል። በቀትር ፀሐይ ግን ልብሷ ላይ 100,000 ሉክስ ሲያርፍ በጥላ ውስጥ ያለው የዓይኗ አካባቢ የሚያገኘው 12,000 ሉክስ ያህል ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ወደ 70 እጥፍ ያድጋል። ካሜራው ልብሱን ለማዳን ፊቱን ያጨልማል፤ ፊቱን ለማዳን ቢሞክር ደግሞ ልብሱ ጥለቱ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል።

ሁለተኛው ችግር ከካሜራው የብርሃን መለኪያ ይመጣል። መለኪያው የሚያየውን ትዕይንት ሁሉ በአማካይ 18 ከመቶ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። በኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ፊት ሰው ብናቆም ካሜራው ግድግዳውን ግራጫ ለማድረግ ብርሃኑን ወደ ሩብ ይቀንሰዋል፤ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። ተነሺዋ ጥቁር ጅልባብ ለብሳ ከጨለማ መደብ ፊት ብትቆም ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፊቷ ከተፈጥሮዋ ይነጣል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ስልክም ቢሆን በጣት ፊቱ ላይ ነክቶ መለኪያው ከፊቱ እንዲያነብ ማድረግ፣ ከዚያም ማስተካከያውን ዓይን በሚፈርደው መጠን ማንሣት ወይም ማውረድ ነው።

ይህ ችግር ታሪክም አለው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያከፋፍላቸው የነበሩት የቀለም ማመሳከሪያ ካርዶች የነጭ ሴት ምስል የነበረባቸው ሲሆን፣ በሙያው ዘንድ «ሸርሊ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። የምስል ቀለም ትክክለኛነት የሚመዘነው በእርስዋ ቆዳ ነበረ ማለት ነው። ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሰዎች በአንድነት የታዩባቸው ካርዶች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ኤሊስ መንክ 10 ደረጃ ያለው የቆዳ ቀለም መለኪያ ከጉግል ጋር ይፋ አድርጓል። ስለዚህ «ፎቶ አያምርብኝም» የሚለው ሰው ለረጅም ዘመን በሌላ ሰው ፊት የተስተካከለ ሚዛን ሲመዝነው ኖሯል።

ቤት ውስጥ፤ የብርሃን እጥረት

ቤት ውስጥ እንግባ። በቀትር ከሜዳ ላይ 100,000 ሉክስ፣ በሰፊ ጥላ ሥር 10,000 ሉክስ ያህል ሲገኝ፣ ከመስኮት ርቆ በክፍል መካከል የሚገኘው 300 ሉክስ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ዓይናችን ራሱን ስለሚያለማምድ ልዩነቱን አናስተውልም፤ ሴንሰሩ ግን ያስተውላል።

ብርሃን በፎቶን ቁጥር የሚደርስ ነገር ነው፤ አደራረሱም እንደ ዝናብ ጠብታ የተዛባ ነው። አንድ የምስል ነጥብ 10,000 ፎቶን ቢቀበል መዛባቱ የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት፣ ማለት 100፣ ወይም 1 ከመቶ ነው። 100 ፎቶን ብቻ ቢቀበል ግን መዛባቱ 10 ስለሆነ 10 ከመቶ ይደርሳል። በጨለማ ክፍል የተነሣ ፎቶ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቁር ቆዳ የሚመልሰው ፎቶን አነስተኛ በመሆኑ አሸዋው ቀድሞ የሚታየው ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ጥቁር መልክ ያለውን ሰው በደብዛዛ ብርሃን አንሥቶ በኋላ በኮምፒውተር ማብራት ፎቶኑን አይመልስም፤ መፍትሔው ከመጀመሪያው በቂ ብርሃን መስጠት ነው።

አምፖልስ አይበቃም? 800 ሉመን የሚሰጥ አንድ የተለመደ አምፖል በ1 ሜትር ርቀት 64 ሉክስ፣ በ2 ሜትር 16 ሉክስ ይሰጣል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ የሚወርደው በርቀት ካሬ ግልባጭ ሕግ መሠረት ነው። ቀለሙም ይለያያል፤ አሮጌው የሽቦ አምፖል 2,700 ኬልቪን ገደማ ቢጫ ሲሆን የቀትር ፀሐይ 5,500 ኬልቪን ገደማ ነው። በመስኮት የሚገባውን ብርሃንና የአምፖሉን ብርሃን አንድ ላይ የተቀበለ ፊት ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካን ይሆናል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ እንዲሁም በሸራና በፕላስቲክ የተሸፈነ ቤት የየራሳቸውን ቀለም ፊት ላይ ይረጫሉ።

ነፋስ፣ አቧራና ላብ

ደጅ ለሚሠራ ሰው የአካባቢው አየር ራሱ ባልደረባ ነው። በአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ለመትከል ምክንያት የሆነው ነፋስ የተነሺዋን ገርባሳርና ዲራዕ አያሳርፍም። ጨርቅ ሲውለበለብ ለማስቆም የካሜራው መዝጊያ ከ500ኛ ሰከንድ ባላነሰ ፍጥነት መሥራት አለበት፤ ይህም ብዙ ብርሃን ይጠይቃል። አቧራ ብርሃንን በመበተን ሰማዩን ያነጣዋል፤ በመጠኑ ሲሆን ጥላን ያለሳልሳል፣ ሲበዛ ግን ከሌንሱ ይገባል። በሽንሌ ሙቀት ፊት ላይ የሚወጣው ላብ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ ግንባር ላይ ነጭ ጉብታ ይሠራል። በመሐረብ መጥረግ፣ ከዚያም ሰፊ ብርሃን መጠቀም ይበቃል፤ የምንጩ ስፋት ሲጨምር ነጸብራቁም ተሰራጭቶ የሚያምር ወዝ ይሆናል።

ደፍ፤ ከሁለቱ መካከል

እስካሁን የተመለከትናቸው ሕግጋት ሁሉ የሚያመለክቱት አንድ ቦታ ነው፤ እርሱም የቤቱ ደፍ ወይም የበረንዳው ጠርዝ ነው። ከላይ ያለው ጣራ የቀትር ፀሐይን ይከለክላል። ከፊት ያለው ሰማይ ሰፊ የብርሃን ምንጭ ይሆናል። በፀሐይ የሚበራው ደረቅ መሬት ደግሞ ከሚያርፍበት ብርሃን 30 ከመቶ ያህል መልሶ ከቅንድብ ሥር ያለውን ጥላ ያነሣል። ሰማዩ ሰማያዊ፣ አፈሩ ቀይና ቢጫ ስለሆነ ሁለቱ ቀለማት በፊት ላይ ይመጣጠናሉ። ከበሩ አንድ ሜትር ገባ ብሎ ጥቂት ሺህ ሉክስ ይገኛል፤ ይህም ለስልክ እንኳ የተትረፈረፈ ነው። ከተነሺው ኋላ ያለው ክፍል ጨለም ስለሚል ፊቱ ጎልቶ ይወጣል።

የትኛው በር? የአውሮፓ ሠዓልያን ከጥንት ጀምሮ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ሲመርጡ ኖረዋል፤ በእነርሱ አገር የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ ናትና። ይህ ደንብ በጅግጅጋ የሚሠራው ለከፊሉ ዓመት ብቻ ነው። ከነሐሴ 23 እስከ ሚያዝያ 6 ባሉት 228 ቀናት ፀሐይ በእኩለ ቀን በደቡብ ስለምትሆን የሰሜኑ በር ይመረጣል። ከሚያዝያ 6 እስከ ነሐሴ 23 ባሉት 137 ቀናት ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ትዞራለች፤ በእኩለ ቀን ጥላ ያለው በር የደቡቡ ነው። ጧት ወደ ምዕራብ የሚያይ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚያይ በር ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል።

ደፍ ላይ መቆም የማይቻልበት ጊዜም አለ። በሶማሌ ሠርግ የሴቶች ድግስ ለሴቶች ብቻ ተከልሎ፣ ያውም በምሽት ይደረጋል፤ ይህ ክብር ሊጠበቅ ይገባል። በዚያን ጊዜ ደፉን ወደ ውስጥ ማምጣት ነው። አንሺዋ መብራቷን በሙሽራዋ ፊት ላይ በቀጥታ ከማነጣጠር ይልቅ ነጭ ግድግዳ ወይም በተዘረጋ ነጭ አንሶላ ላይ ታሳርፈው፤ አንሶላው ራሱ ሰፊ ምንጭ ይሆናል። ከብርሃኑ ከፊሉ ቢባክንም አንሶላውን ወደ ሙሽራዋ በማቅረብ ይካካሳል። የአዳራሹ ሌሎች አምፖሎች ቀለማቸው የተለየ ከሆነ ለዚያች ደቂቃ ቢጠፉ መልካም ነው።

ቦታ ለትርጉም፣ ብርሃን ለፊት

ይህ ሁሉ ሲባል ሜዳውና ተራራው ይቅር ማለታችን አይደለም። ኢትዮጵያዊቷ የፎቶግራፍ ባለሙያ አይዳ ሙሉነህ በስቱዲዮ በቀለም መደብ ፊት በምትሠራቸው ሥራዎች የታወቀች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ውኃ እጥረት የሚናገሩትን ምስሎቿን ለማንሣት ግን ሞዴሎቿን ይዛ ወደ አፋር ዳሉል ወርዳለች። ምድሩ የነገሩ አካል ስለሆነ በቤት ውስጥ ሊተካ አይችልም ነበር። የካራማራ ተራራ፣ የግመል መንጋ ወይም የቶጎ ውጫሌ ገበያ የታሪኩ አካል ሲሆን ወደዚያው መሄድ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በማለዳ፣ አለዚያም ተነሺውን ከግራር ሰፊ ጥላ ጠርዝ ላይ አቁሞ። ቦታ የሚመረጠው ለትርጉሙ ነው፤ ብርሃን ግን ለፊት ይመረጣል።

ለተማሪዎች የተግባር ሥራ

1. አንድ ሜትር እንጨት አቁማችሁ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል በየ5 ደቂቃው የጥላውን ርዝመት መዝግቡ። አጭሩ ጥላ የታየው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ወደ ሰሜን ነው ወይስ ወደ ደቡብ የወደቀው?

2. አንድን ጓደኛችሁን በቀትር ፀሐይ፣ በበር ደፍ ላይና በክፍል መካከል በአንድ ስልክ አንሡ። በሦስቱም የአፍንጫ ጥላ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚሰፋ አነጻጽሩ።

3. በደፉ ላይ የቆመው ሰው እግር ሥር ነጭ አንሶላ አንጥፉና እንደገና አንሡ። ከቅንድብ ሥር ያለው ጥላ ምን ሆነ? ለምን?

ሦስተኛውን ሥራ ስትሠሩ «ፎቶ አያምርብኝም» የሚል ጓደኛ ካላችሁ እርሱን ምረጡ። ምስሉን ራሱ ይፍረድ።